ስትፈራ ወደ ማን ትሮጣለች?

ጥቅምት 12

ዛሬ ውኃ መጣ። ጀሪካኖቹን ሞላሁ፤ የልጅ ልጄን የሊሊን ዩኒፎርም አጠብኩ። አማቼ ሚልኬሳ ባጃጁን ከበር ላይ አስነሥቶ ወደ ዓለም ገና ሄደ። «አካም ቡልተን፣ እማማ» ብሎ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አለኝ። አልመለስኩለትም።

ያቺ ባጃጅ... ልጄ ሄመን ሆዷን ይዛ ስትጮህ እዚያው በር ላይ ቆማ ነበር። «ሲነጋ እወስዳታለሁ» ብሎ ተኛ። ሌሊቱን አረፈች። ሲነጋ ምኗን ይወስዳል?

ጥቅምት 15

ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሰው መጣች። ያመለከትኩት እኔ ነኝ። ሚልኬሳ ሊሊን በቀበቶ ገርፏት፣ ጀርባዋ ላይ ሰንበሩን አይቼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ሄጄ ተናገርኩ። ፖሊስ ይዘው የሚመጡ መስሎኝ ነበር... የመጣችው ማርቲ የምትባል ልጅ እግር ናት። መሰላል የተሣለበት ጨርቅ መሬት ላይ ዘረጋች። ለእያንዳንዳችን ጠጠር ሰጠችን። ቤታችሁ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ በጠጠር አሳዩኝ ነው ነገሩ።

«ከጎደለው ሳይሆን ካለው ነው የምንነሣው» አለች። «ሚልኬሳ ለልጁ ምን መልካም ነገር አለው?»

«ያለውማ ቀበቶ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። እሱ መሬት መሬቱን እያየ ጠጠሩን ታችኛው ደረጃ ላይ አስቀመጠ። እኔም የእኔን እላዩ ላይ ጫንኩበት።

ከዚያ ሊሊን፣ «ስትፈሪ ወደ ማን ትሮጫለሽ?» አለቻት።

«ወደ አኮ» አለች። አኮ እኔ ነኝ፣ አያቷ።

ከፋሲካ በኋላ እንደገና ትለካናለች። ቤቱ ካልተሻለ ሊሊን ለእኔ ይሰጣሉ። ልጄን አሳጥቶኛል። ልጁን አሳጣዋለሁ።

ኅዳር 3

ማርቲ በየሳምንቱ ትመጣለች። ቁጣህ ሲመጣ ወጥተህ እጅህን ሥራ አስይዘው ብላዋለች። ዛሬ ሊሊ ወተት ደፋች። ፊቱ ተለዋወጠ። ጠበቅኩ... እንዲመታት ጠበቅኩ? እንጃ። ወጥቶ ባጃጁን ማጠብ ጀመረ። ጠዋት ያጠባትን ባጃጅ!

ጎረቤቴ ውባንቺ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ «ኧረ እትዬ ጠጅቱ፣ የአማችሽ ባጃጅ በእጥበት ብዛት ቀለሟ ሊለቅ ነው!» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ዋጥኩት። በእሱ ነገር አልስቅም።

ታኅሣሥ 20

ሊሊን ሹሩባ ሊሠራት ሞክሮ... የቁራ ጎጆ አስመሰላት። ማበጠሪያውን ይዞ እዚያው ግቢ ካለችው ክፍሌ በራፍ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ፀጉሯ እንዴት እንደሚከፈል ቢያሳዩኝ...»

«የምታሳይህ ሚስት ነበረችህ» አልኩት። በሩን ዘጋሁበት። ደስ አለኝ።

የካቲት 8

መጠጥ ከተወ ሰንብቷል አለችኝ ውባንቺ። ይጠጣ ብዬ ተመኘሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ... ወይም አይበለኝ።

መጋቢት 27

በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ሊቀደድ ደረሰ። እኔ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ሊሊ ከጓሮ እየጮኸች ስትመጣ እጄን ዘረጋሁላት። በአጠገቤ አለፈች። እሱ ገና ከባጃጁ ሲወርድ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጃኬቱ ውስጥ ሸሸጋት።

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።

መጋቢት 29

ሊሊን ለብቻዋ ጠራኋት። «ማርቲ ከጠየቀችሽ፣ ስፈራ ወደ አኮ ነው የምሮጠው በዪ፤ እሺ?»

«በረዶ ሲጥልም?»

«በረዶ ሲጥልም።»

«አባዬ አይከፋውም?»

«ይክፋው!»

ሚያዝያ 21

ዛሬ ጨርቁ ተዘረጋ። ማርቲ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች።

ሊሊ እሷን አላየቻትም። ዓይኔን አየች፤ ቀጥላ እጄን። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ... የአባቷን ቀበቶ እንደዚያ ነበር የምታየው።

«ወደ አኮ» አለች፣ ቶሎ ብላ።

ሚልኬሳ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ በረዶው ቀን የተጠመጠመችው እሱ ላይ ነው። ግን ዝም አለ። አሸንፌ ነበር። አንድ ቃል ሳልጨምር አሸንፌ ነበር። ልጅቷ ግን እጄን ማየቷን አልተወችም።

«እኔ ነኝ በዪ ያልኳት» አልኩ። «በረዶ ሲጥል ወደ አባቷ ነው የሮጠችው።»

ማርቲ የእሱን ጠጠር ወደ ላይ እንዲያወጣ ነገረችው። ከዚያ የእኔን አንሥታ በእጄ አስያዘችኝ። «እማማ፣ አንቱም እኮ የዚህ ቤት ሰው ነዎት። ዛሬ አንድ ደረጃ ወጥተዋል።»

እኔን ለኪኝ ማን አላት? ለካስ እኔንም ስትለካኝ ነው የከረመችው! ተናደድኩ።

ሊሊ ከአባቷ ጋር ትቆያለች።

ግንቦት 2

ማበጠሪያውን ይዞ እንደገና መጣ። በሩን አልዘጋሁም። ሊሊን መሀላችን አስቀመጥናት። አከፋፈሉን አሳየሁት። ያ ሁሉ መሪ የሚይዝ ጣት አንዲት ጉንጉን መያዝ ያቅተዋል።

«ሄመን በዚህ በኩል ነበር የምትጀምረው» አልኩት። ስሟን የጠራሁት ሆን ብዬ ነው። እንባው ወረደ። አላባበልኩትም። ይቅር አላልኩትም።

ሹሩባው ግማሽ ላይ ነው። ነገ ይምጣና ይጨርሰዋል። ነገም ስሟን እጠራበታለሁ።