ከስሜ የተቆረጠው ፊደል

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ተሾመ፣ መንዝ።

አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን የሚይዝዎት ብርድ ዘንድሮ እንዴት አደረገዎት? ዓይንዎስ? እጅዎስ? አጥብቄ የምጠይቀው እጅዎን ነው፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። እህቴ የሺወርቅና ልጆቿ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ለሥጋዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለነፍሴ ግን ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

በኅዳር የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ፖስታውን ገና ሳልቀደው ጽሕፈቱ የእርስዎ አለመሆኑን አወቅሁ። ዲያቆን አትክልት እንደጻፈልዎ ከግርጌው ሰፍሯል፤ ስለምን እንደሆነ ግን እርስዎም አልተናገሩ፣ እሱም አልጨመረ። በኋላ ከአገር ቤት የመጣ ሰው አግኝቼ ብጠይቀው፣ ክረምቱ ከወጣ ወዲህ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ብርዕ አልይዝ ማለቱን ነገረኝ። ከእኔ መደበቅዎ አላስቀየመኝም። እኔም ከእርስዎ የደበቅሁት ነገር አለኝና ዛሬ ልናዘዝ።

ነገሩ የሆነው ዓምና በሰኔ ነው። እዚህ ሰበታ በጅማው መንገድ ዳር ለአንድ ጨርቅ ነጋዴ የጻፍኩትን ሰሌዳ ያየ ሰው እየጠየቀ ቤቴ ድረስ መጣ። አዲስ አበባ በአንድ ማተሚያ ቤት ይሠራል። ያሉን ከቀለጠ እርሳስ የተሠሩ የማተሚያ ፊደሎች ደረቅ ናቸው፣ የሰው እጅ አይታይባቸውም፤ ከብራና ጽሕፈት ተቀድቶ አዲስ የማተሚያ ፊደል እናስቀርጻለን አለኝ። ይህን የፊደል አጣጣል ከማን ተማርክ ቢለኝ፣ ስንሰነባበት የሰጡኝን ዳዊት አወጣሁለት። «የግድግዳ ደብተራ» እያሉ ይቀልዱብኝ የለም? ያን ቀን ግን ኮራሁ። የአባቴ እጅ በአገሩ ሁሉ ሊነበብ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ዳዊቱን ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንስተው አንድ ቅጠል ሳይጎድል መለሱልኝ። እስከዚህ ድረስ በደል የለብኝም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳዊቱ ግዕዝ ነውና ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጀ፣ ጨ የሉበትም። ሰውዬው እነዚህን አንተው ጻፋቸው አለኝ። ሁለት ሳምንት ሞከርኩ። ብሩሽ የለመደ እጅ ግን መቃ ብርዕ የለመደውን እጅ አይሆንም፤ የእኔ ሸ ከእርስዎ ሰ ጎን ሲቆም ያልተጠራ እንግዳ መሰለ። ያን ጊዜ ደብዳቤዎችዎ ትዝ አሉኝ። በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀመጥኳቸው ዘጠኙም ደብዳቤዎች በመቃ ብርዕ፣ በአማርኛ የተጻፉ ናቸው።

ሰውዬው ደብዳቤዎቹን እንዳሉ አምጣቸውና ፎቶግራፍ እናንሳቸው ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሟች እናቴ ሕመም፣ የየሺወርቅና የባሏ ጠብ፣ የቤታችን ገመና ሁሉ ያለበትን ወረቀት ባዕድ እንዲያነበው አልወደድኩም። ስለዚህ ምላጭ ይዤ ተቀመጥኩና የሚፈለጉትን ፊደሎች ብቻ እየቆረጥኩ በካርቶን ላይ ለጠፍኳቸው። ገመና የሸፈንኩ መስሎኝ ነበር። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው ነው። ፊደሉ ሲወጣ ከጀርባው ያለው ቃል አብሮ እንደሚወጣ እንኳ አላሰብኩም። የባሰው ደግሞ ሽ ነው። ከሁሉ አጉልተውና አጥርተው የሚጽፉት ስሜን ነበርና፣ ሰዎቹ መርጠው እንዲወስዱ ብዬ ሁሉንም ከዚያው ከስሜ ላይ ወሰድኳቸው። ዛሬ ደብዳቤዎቹን ስከፍት ዘጠኙም ላይ «ይድረስ ለወንዳፍራ» ይላል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቀዳዳ ነው።

ካርቶኑ አልተመለሰልኝም። ማተሚያ ቤቱ ቦታ ሲቀይር ከቆሻሻ ጋር ወጥቷል ተባልኩ። ይቅርታ ጠይቀውኛል፤ ይቅርታቸው ምን ያደርግልኛል። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ለእርስዎ ሳልጽፍ ይኸው መንፈቅ ሊሞላኝ ነው።

ጎረቤቴን ኦቦ ገርባን በደብዳቤ ያውቁታል፤ ስመጣ ቤት መሥሪያ ቦታ የሰጠኝ ገበሬ ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ ነገር ግን ደብዳቤዎ በመጣ ቁጥር ሰላምታውን ሳነብለት አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀቱን ሲያይ ይቆያል። ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ሰሌዳ ጽፌ ስመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኝና እጄን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። የሽቶ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጣቱን አንዲት ፊደል ላይ አሳረፈና፣ «ኩኒ፣ ይሄ ያባትህ እጅ ነው። እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ።

ቀርቤ አየሁት። እርስዎ ከሽ አናት ላይ የሚያሳርፏት ትንሿ ጭረት እንኳ አልጠፋችም። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። መንገደኛ ሁሉ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ አለ፤ እኔ ቆርቆሮ ውስጥ ግን የለም። ሰውዬው አሁን ደግሞ ቁጥሮቹንም ከዳዊቱ እንቅዳ እያለ ይመላለሳል። እርስዎ ሳይፈቅዱ ዳዊቱ ከቤቴ አይወጣም ብዬዋለሁ።

እህቴን የሺወርቅን፣ ታርቀው እንደሆነም ባሏን አለሙን፣ እጅግ አድርጌ እጅ ነስቻለሁ። ትንሿን ልጇን ሙሉዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ነፍስ አባታችንን በጸሎት እንዲያስቡኝ ይንገሩልኝ። ኦቦ ገርባና ሚስቱ ጠጅቱ ሰላም በልልን ብለዋል።

አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይቅርታዎን ግን በዲያቆን አትክልት እጅ አይላኩልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጽሕፈቱም አያሳፍርም፤ ይህን የምለው በቅናት ነውና እንዳይቀየመኝ። ከታች ስሜን ሳልጨርስ ትቼዋለሁ። የሺወርቅ ክንድዎን ደግፋ ትያዝልዎና የጎደለውን አንድ ፊደል ጽፈው ይህንኑ ወረቀት ይመልሱልኝ። ቢንቀጠቀጥም፣ ቀለሙ ቢፈስም፣ ፊደል ባይመስልም ግድ የለኝም። ለማንም አላሳየውም።

ሰበታ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ልጅዎ ወንዳፍራ