ሦስት ፊደል ከዳዊ

ጥቅምት 11
ዛሬም ተጨቃጨቁ፣ አባዬና ዳዊ። በቴሌግራም እኮ ነው... አባዬ እዚህ ዓለም ባንክ ሰፈር ቤታችን ሶፋው ላይ፣ ወንድሜ ወልቂጤ በኩል መንገድ ሲቀይስ። ዳዊ ማታ ማታ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ይልካል። አባዬ ሦስቱም ያሉበትን ረጅም ቃል መፈለግ አለበት፤ መዝገበ ቃላት ማየት ክልክል። ትናንት ኪው፣ ዜድ፣ ኤል ነበር። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና "ኢኳላይዜሽን! አሥራ ሁለት ፊደል" አለ። ዕድሜ ልኩን እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው በዚህ እንደ ሕፃን ይደሰታል።

ዳዊ ምን መለሰ? "አስተማሪ ሆነህ አሥራ ሁለት ብቻ?" አመስግኖ አያውቅም። አንዴ አባዬ ቃሉን ለማስረዘም መጨረሻው ላይ ኤስ ቢጨምር "ብዙ ቁጥር አይቆጠርም፣ ሌብነት ነው" ብሎ አኮረፈው። እኔ ጦር ኃይሎች ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ውዬ እግሬ ተቃጥሎ እገባለሁ፣ እነሱ ለአንድ ኤስ ይጣላሉ።

ጥቅምት 19
አባዬን ልቡን አመመው። ሆስፒታል ተኛ። ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፣ ወረፋው እስኪደርስ በመድኃኒት ይቆያል አሉ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ "እንዳይደነግጥ አደራ" አለኝ።
ዳዊ ደውሎ ነበር። እመጣለሁ አለ።

ጥቅምት 24
ዳዊ የለም።
ወደ እኛ እየመጣ ነበር። መኪናው ተገለበጠ።

ጥቅምት 25
ቀበርነው። አባዬ ሆስፒታል ተኝቷል... አያውቅም።

ድንኳኑ አየር ጤና፣ እትዬ ዘመነች ቤት ተተከለ። የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፤ እሳቸው ካሉ አለቀ። "ኦፕራሲዮኑ ሳያልፍ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። መርዶ የትም አይሄድም" አሉ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። አባት የልጁን ቀብር ሳያይ... ምን ልበል? ሐኪሙም አደራ ብሏል።

የዳዊን ስልክ ሰጡኝ። መስታወቱ እንኳን አልተሰነጠቀም።

ኅዳር 3
አባዬ ቤት ገባ። ጥቁር ልብሴ ጎረቤቴ ዘይቱና ጋ ነው ያለው። ጠዋት እሷ ቤት ገብቼ ጥቁሬን እለብሳለሁ፣ ማታ እዚያው አውልቄ ቀዩን ሹራቤን አጥልቄ ቤቴ እገባለሁ። ዛሬ ዚፔን እየዘጋችልኝ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ዓይኔ ካበጠ አባዬ ያያል።

"ዳዊ ለምን አይደውልም?" አለኝ ገና ከመግባቱ።
"ጫካ ገብተዋል አባዬ። ስልክ አይሠራም፣ ማታ ማታ መልእክት ብቻ ነው የሚያልፈው።"
"እንግዲያው ፊደሌን ይላክልኛ።"

እግዜር ይቅር ይበለኝ። ባኞ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ በዳዊ ስልክ ላክሁለት። ጄ፣ ኤፍ፣ ኤን። ሳሎን የአባዬ ስልክ ሲጮህ ሰማሁት። "መጣ!" አለ። ቧንቧውን ከፍቼ ቁጭ አልኩ።

ኅዳር 4
"ጀስቲፊኬሽን" ብሎ መለሰ። ጎበዝ አባዬ፣ ብዬ ጻፍኩለት።

ኅዳር 12
ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ፊደል እመርጣለሁ። ከባድ ከሆነ ልቡን እንዳያደክመው እሰጋለሁ። ቀላል ከሆነ ደግሞ የዳዊ አይመስልም። እንዴት ነበር የሚመርጠው? ምን አለ አንድ ቀን እንኳን ብጠይቀው ኖሮ...

ኅዳር 15
ኬ፣ ደብልዩ፣ ጂ ላክሁ። "አክኖውሌጅመንትስ" አለ፣ አሥራ ስድስት ፊደል። አንበሳ ነህ አልኩት። መልእክቱን አንብቦ ስልኩን በደረቱ ደፋው፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ራት አልበላም። ምን አጠፋሁ?

ኅዳር 21
የኦፕራሲዮኑ ወረፋ ወደ ጥር ተገፋ። እትዬ ዘመነች ጋ ሄጄ ለመንኳቸው። "አባቱ ሳያለቅስለት አርባው ይውጣ?" አልኩ።
"ሁለተኛ ሬሳ ልታወጪ ነው?" አሉኝ።
እስከ ጥር ቀይ ሹራብ... አልችልም። በእውነት አልችልም።

ኅዳር 23
ጠዋት ልወጣ ስል አባዬ ጠራኝ። "ተቀመጪ መሲ" አለኝ። ተቀመጥኩ።
"ዳዊ መቼ ነው የሞተው?"

ማን ነገረህ አልኩት።

"ማንም። ሆን ብዬ ኤስ ጨምሬ ላክሁ፣ አንበሳ ተባልኩ። ዳዊ ቢሆን ሲሰድበኝ ያድር ነበር። ደሞ ሰው ሁሉ ባንዴ ደግ ሆነብኝ። ባለሱቁ ጀይሉ እንኳን፣ ካልተነታረከኝ ዳቦ የማይሸጥልኝ ሰውዬ፣ ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል።"
"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"
"ካወቅኩ ሞቷል። ካላወቅኩ ማታ ፊደል ይልክልኛል።"

እግሩ ሥር ወደቅኩ። ፀጉሬን እየዳሰሰ "አንቺም ደከምሽ" አለኝ። "አሁን በቃ። ለዘመነች ማወቄን አትንገሪያት፣ ሥቃይዋን ነው የበላችው። መድኃኒቴን ውጬ እጠብቃለሁ፣ ሽማግሌ ይዛ ትምጣና ታርዳኝ። ልጄን ላልቅስለት።"

ኅዳር 26
ማልደው መጡ። እትዬ ዘመነች፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ የዘይቱና ባል ኑሕም አብሮ። ሐኪሙ ነርስ አጠገቡ ካለች ይነገረው ብሎኝ፣ እትዬ ዘመነችም በዚያው እሺ ብለውኝ ነርስ ይዤ ነበር፣ ጓዳ አስቀመጥኳት። አባዬ ኮቱን ለብሶ ሶፋው ላይ ነበር። "ምነው በጠዋት፣ ደህና ናችሁ?" አላቸው። አንዱ ሽማግሌ አባዬን በስሙ ጠርተው "መኳንንት፣ እግዚአብሔር ያጽናህ" ብለው ገና ሳይጨርሱ ያወጣው ድምፅ... ያወቀ ሰው ድምፅ አልነበረም። እትዬ ዘመነች እግሩ ላይ ተደፉ። እኔም ጮኼ አለቀስኩ፣ በገዛ ሳሎናችን፣ ጥቁሬን ለብሼ።

ከሰዓት ሰው ቀለል ሲል አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"ቀብሩ ላይ ሰው ነበር?"
"ብዙ።"
"ሳጥኑን እነማን ያዙት?"
ነገርኩት፣ አንድ በአንድ።
"አፈሩን መጀመሪያ ማን አለበሰው?"
"እኔ" አልኩት።

ቀኝ እጄን ስቦ መዳፌን ሳመው። "በይ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ" አለኝ።