ሦስት ጋራዦች በአንድ በሽታ እንዲስማሙ ስለመጠየቃቸው

ለተከበሩ የጤና ጽሕፈት ቤቱ የግዢ ክፍል ኃላፊ

ይህ ደብዳቤ ወንበርዎ ሳይጎረብጥዎ፣ ማኅተምዎም ቀለም ሳያንሰው፣ ከነሙሉ ጤንነትዎ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የጤና ጣቢያውን መኪና አሥራ አራት ዓመት የነዳሁት ሹፌር ነኝ። ደብዳቤውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ትናንት ዓርብ የጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ እዚያው ተለጥፎ ስላየሁት፣ ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ ነው።

በማስጠንቀቂያው «የመኪናው ሞተር ያለ ግዢ ሥርዓት እንዴት ሊሠራ እንደቻለ» በጽሑፍ እንዳስረዳ፣ እስከዚያም መኪናው ከግቢ እንዳይወጣ አዝዘዋል። በእኔ ዕድሜ መኪና ለምን ቆመ ተብሎ ሹፌር ሲጠየቅ አይቻለሁ፤ ለምን ተነሳ ተብሎ ሲጠየቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው፤ ይህን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

መቼም ብዙ ወረቀት ስለሚያልፍብዎ ዘንግተውት ይሆናልና፣ መኪናው ዘወትር ሰኞና ሐሙስ አራት ሰዎችን ለኩላሊት እጥበት የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ወደሚገኘው ሆስፒታል ያደርሳል። አንድ ተራ ያለፈው ሰው እግሩ ያብጣል፤ ሁለት ተራ ካለፈው ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ስለ ሦስተኛው ሐኪሞቹን ጠይቀናቸው አልነገሩንም።

ሞተሩ መንገድ ላይ እየጋለ መቆም ከጀመረ በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ የተደረገልኝን ውለታ በቅደም ተከተል እነሆ።

፩. ከሦስት ጋራዥ የዋጋ ማቅረቢያ እንዳመጣ አዘዙኝ። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ፤ እርስዎ አንድ ባላ ጨምረውልኛልና ደስ እያለኝ ሄድኩ። የድልድዩ ጋራዥ ባለቤት ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጎ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን፣ ተጣሟል አለ። የሁለተኛው ጋራዥ ባለቤቶች፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ እርስ በርሳቸው ግማሽ ሰዓት ከተነታረኩ በኋላ የውሃው ፖምፓ ነው ብለው ታረቁ። ሦስተኛው፣ ሠፈሩ በሙሉ «ሞተር አውርድ» የሚለው ሰውዬ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ከሩቅ አየት አድርጎ «ይውረድና ይታደስ» ብሎ ፈረደ። ሦስቱንም ወረቀት ማኅተም አስመትቼ አመጣሁልዎ።

፪. እርስዎም ከሳምንት በኋላ ወረቀቶቹን መለሱልኝ፤ ዋጋ የሚወዳደረው ለአንድ ዓይነት ብልሽት ሲሆን ብቻ ነውና ጋራዦቹ በብልሽቱ ተስማምተው ይምጡ አሉኝ። እኔም እንደ አገር ሽማግሌ ከጋራዥ ጋራዥ ዞርኩ። የድልድዩ ሰውዬ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ጋሼ፣ እኛ ዋጋ ላይ እንስማማ ይሆናል እንጂ በሽታ ላይ ተስማምተን አናውቅም» አለኝ። ወንድማማቾቹ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ የወደደውን በሽታ ይጻፍልን፣ እኛ ዋጋውን እንሞላለን አሉ። ይህንኑ ሳደርስልዎ ኮሚቴ ሰበሰቡ። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተቀምጦ፣ ጋራዦቹ «መካከለኛ ለሆነ ብልሽት» ዋጋ እንዲያቀርቡ ወሰነ። ከፖምፓ የሚከብድ፣ ከእድሳት የሚቀል ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ለሞተሩ ቢያስቸግረውም፣ የኮሚቴውን ሚዛናዊነት ሳላደንቅ አላልፍም።

፫. በዚህ መሃል የመጀመሪያዎቹ ዋጋዎች የአሥራ አምስት ቀን ጊዜ አለፈባቸው። እንደ አዲስ ጀምር ተባልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና ማንም በችኮላ አይከስዎትም።

ታዲያ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት አራቱ ታካሚዎች በሕዝብ አውቶቡስ ሁለት ጊዜ እየቀያየሩ ሲሄዱ ሰነበቱ። ከእነርሱ አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ አንድ ሐሙስ አውቶቡስ ሞልቶ አመለጣትና ሁለት ሌሊት ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ አደረች። ኮሚቴው ገና እያጠናው ነው ብዬ ላጽናናት ስሞክር «ወንድሜ፣ የእኔ ኩላሊት ኮሚቴ አያውቅም» አለችኝ። ይህን ወደ ቃለ ጉባኤ ማስገባት ይቻል እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ወደተጠየቅሁት ማብራሪያ ልመለስ። ሞተሩ የተሠራው እንዲህ ነው። ባለፈው ረቡዕ የእትዬ ባል፣ ጡረታ የወጣ የትራክተር መካኒክ፣ ወደ ግቢያችን መጣና የመኪናውን ክዳን ክፈትልኝ አለ። ከፈትኩለት። ሞተሩን አስነስቶ እስኪግል ጠበቀና ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በጨርቅ ያዝ አደረገው። ከውጭ ደህና የሚመስለው ቱቦ ውስጡ ተልጦ ኖሮ፣ ሲሞቅ እየተጣበቀ ውሃውን ይዘጋል። ሰውዬው ቤቱ ሄዶ ከአሮጌ መኪናው ላይ አንድ ቱቦ ፈታ፤ አምጥቶ ገጠመው። ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነው። ሒሳብ ስንት ልበል ስለው ተቆጣ፤ «ነገ ሚስቴን አድርስልኝ» ብሎኝ ሄደ። አደረስኳት። የቀሩትን ሦስቱንም አደረስኩ። መኪናው አልጋለም።

ጥፋቴ ይህ ነው። ሥርዓቱ ይሟላ ከተባለ አሮጌውን ቱቦ አልጣልኩትምና መልሼ መግጠም እችላለሁ፤ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ ተበላሽቶ ኮሚቴው ጥናቱን ይቀጥላል። ለማበላሸቱም ዋጋ ማወዳደር ያስፈልግ እንደሆነ በደብዳቤ ቢያሳውቁኝ፣ «ሞተር አውርድ» በልዩ ቅናሽ እንደሚሠራው ከወዲሁ ቃል ገብቷል።

አንድ ትእዛዝዎን ብቻ መፈጸም ያቅተኛል። ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አራቱን ሰዎች አሳፍሬ ከግቢ እወጣለሁ። ፈቃድ መጠየቄ አይደለም፤ ፈልገው እንዳያጡኝ ማሳወቄ ነው። ቅጣቱ ካለ፣ ማታ ስመለስ በሩ ላይ እቀበላለሁ፤ ደመወዜ ቢቆረጥም፣ ቁልፉን አስረክብ ብባልም አልከራከርም። ቁልፉን ለሚረከበው ሰው ግን ሐሙስም ተራ መሆኑን ይንገሩልኝ።

ፋይልዎ ይወፍር፤ ስብሰባዎ ይባረክ፤ ጤናዎን ይጠብቅልዎ፤ በተለይ ኩላሊትዎን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በማስጠንቀቂያ ላይ የሚገኘው ሹፌርዎ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ መኪናውን የሚያስቆም ጥበቃ ከላኩ፣ ቀለሙ ሰማያዊ መሆኑን አደራ ይንገሩት። በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ «ነጭ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ሳምንት ከቢሮዎ መስኮት ሥር ቆሞ ሳለ ቀና ብሎ ያየው አልነበረምና፣ ያልታደለ የሰው መኪና እንዳይቆምብን።