ጽዋው እኛ ቤት ከረመ

ኅዳር 2

አልደበቅሁትም። ገብሱን ከአልጋ ሥር ያስገባሁት ከአይጥ ልሰውረው ብዬ ነው። አይጧ ሁለት እግር ካላት እኔ ምን ላድርግ?

ማንም አልጠየቀኝም፣ እሱስ። ምራቴ ወለተ ኪዳን ከፋብሪካ ገባች፣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ዝም ብላ ፊቷን ታጠበች። ዝምታዋ ነው የሚጨንቀኝ። ብትናገርማ እመልስላት ነበር።

ነገሩ ጽዋው ነው። የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን በየወሩ በ16 ነው። አንዱ ይደግሳል፣ ተጠጥቶ ሲያበቃ ሌላው ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ይወስዳል፣ በሚመጣው ወር ደግሞ እሱ ቤት። እንዲህ እየዞረ ከእናቴ ዘመን ደረሰ። ዘንድሮ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅበርተኛውን እየመዘገበ ነው ተባለ፣ ሰዉ ሸሸ። በጥቅምቱ "ማን ይረከባል?" ሲባል ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ የኔዋ ምራት ጨርቅ ይዛ ተነሣች።

ባሏ... ልጄ መርስዔ ኀዘን... ከመሸንቲ ገበያ ሲመለስ አፍሰው ወደ ጦሩ የወሰዱት በሰኔ ነበር። አለ የሚል የለ፣ የለም የሚል የለ። ልጃቸው አደይ ደረቷን ያፍናታል። በቤቱ ያለው እህል ያችው የአልጋ ሥሯ ናት። በዚህ ላይ ድግስ? ልቧ ምን ቢሆን ነው?

የመሠረተ ትምህርቷ አስተማሪ "እማማ፣ እጅዎ እንዳይረሳ ይጻፉ" ብላኛለች። ይኸው ጻፍሁ። እጄ ደከመ፣ አፌ አልደከመም።

ኅዳር 4

ገብሱን አገኘችው። ምንም ሳትል አሰጣችው። እኔም ምንም ሳልል ዶሮ ስከላከል ዋልሁ።

ኅዳር 13

ቦኖ ላይ ወረፋ ይዘን። ጎረቤታችን እናትዓለም ምላሷ እንደኔው የሰላ ነው፣ ለዚህ ነው የማልወዳት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣

"ውኃው ለጠላ ነው አሉ? በጠላ ባል ይመጣል እንዴ ወለተ ኪዳን?"

ወለተ ኪዳን እንስራዋን እያጠበች "እሑድ ነው፤ ነይና ቅመሺው" አለቻት። በቃ። ሌላ ቃል የለ። እኔ ግን ብዙ ብያለሁ... አልጽፈውም፣ ጾም እየገባ ነው።

ሌላዋ ጎረቤታችን ኡሙሰልማ ከወረፋው ፊት አስገባቻት። "የመሪየም ድግስ ነው፣ አሳልፏት" አለች። እስላሟ አሳለፈቻት፣ የክርስቲያን ልጅ ሰደበቻት። ምን ይባላል?

ኅዳር 16

ሊቀመንበሩ በዚያው ሰዓት ስብሰባ ጠራ። የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያይም ተብሎ።

ጽዋውን የሚባርኩልን አባ ወልደ ዮሐንስ ከዘጌ በታንኳ መጡ። ጋሼ ሣህሉም መጡ፣ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፣ አለቃው ማለት ነው፤ "እኔ እንደሆነ ስኳር ተከልክያለሁ፣ ምን ያደርጉኛል" አሉ። ሌላ ሰው የለም። ወለሉ ላይ ያነጠፍሁት ቄጠማ ሳይረገጥ ቀረ።

ጠጣን። ጋሼ ሣህሉ እንደ ሥርዓቱ ተነሥተው "ማን ይረከባል?" አሉ። ለማን ነው የሚሉት? ለቄጠማው?

"እኔው" አለች።

"አንቺማ አሁን ደገስሽ፣ ልጄ።"

"ታዲያ ጽዋው መንገድ ላይ ይደር፣ ጋሼ?"

አባ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ጭሱ ነው አሉ። እሳት እንኳ አልነደደም። ጽዋው አንድ ቤት ቆሞ ከቀረ ማኅበሩ ሞተ ማለት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ታኅሣሥ 3

አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት።

"ለባልሽ ተስለሻል፣ አይደል? ስለት ከሆነ ንገሪኝና እኔም ላግዝሽ።"

የአደይን ቀሚስ እየጠቀመች ነበር። ቀና አላለችም።

"አልተሳልሁም እማ።"

"እና ለምንድን ነው ይህ ሁሉ?"

"ብትመልሰውም ባትመልሰውም እመቤቴ ናት።"

እንዝርቴን አንሥቼ ወጣሁ። እኔ! ከዚያ ወዲያ ሳስበው ዋልሁ። ስንት ዘመን ሙሉ ይህን አድርጊልኝ ጃንጥላ አገባለሁ፣ ያን አድርጊልኝ ጧፍ አበራለሁ ስል... ገበያ ላይ ነበርሁ ለካ። ይህች ልጅ ከየት አመጣችው? እኔ አላስተማርኋትም።

ታኅሣሥ 17

ትናንት ጠላው ቀጥኖ የዓይን ማጠቢያ መስሎ ነበር። እኛና ጋሼ ሣህሉ። አሁንም ተረካቢ የለም።

በመካከል አንድ ወታደር በምርኩዝ ገባ፤ ወደ አገሩ ወደ እንፍራንዝ መሄዱ ነው፣ ቤታችንን እየጠየቀ መጥቶ። ከመርስዔ ጋር አንድ ጦር ነበርሁ አለ። እኔ ኮሌታውን ልይዘው ስነሣ ወለተ ኪዳን ቀድማ ውኃ አቀረበች፣ እጁን አስታጠበች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ቀዳችለት። እስኪጠግብ ቆማ አስተናገደችው። ከዚያ ነው "አይተኸዋል?" ያለችው።

"ስንበታተን በሕይወት ነበረ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም፣ እቴ።"

ከዚያ ደግማ ቀዳችለት። የሱ እናትም ትጠብቃለች አለችኝ በኋላ።

ጥር 16

እህል አለቀ። ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ታንኳ አላሳልፍ ብሏል፣ አባ አልመጡም። ጋሼ ሣህሉ ታመዋል። አደይ ስትስል አደረች።

ወለተ ኪዳን ጽዋውን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። "ደከመኝ እማ" አለች። ቤቴ ከገባች ጀምሮ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። አለቀሰች።

መምከር አማረኝ፣ ግን ምን ብዬ? "ተይው" ልላት አፌ ላይ ነበር። ሳልለው ተነሣችና ጽዋውን አጠበች። ውኃ ሞላችው። ቆሎ አቀረበች። ሦስታችን፣ እሷ እኔ አደይ፣ አቡነ ዘበሰማያት ብለን ውኃውን ተቀባበልነው። እንደዚያ ቀን ጠጥቼ አላውቅም።

እናትዓለም እሳት ልትጭር መጥታ ኖሯል። መቃኑን ተደግፋ ቆማ አየችን። ፌዝ ስጠብቅ ፊቷን አዞረች። እሳቱንም ሳትወስድ ሄደች።

የካቲት 11

የጾም መግቢያ። የእናትዓለምን ልጅ አምሐን ትናንት ወሰዱት። አንድ ልጇን። ጩኸቷ እስከ ሐይቁ ተሰማ።

ወለተ ኪዳን ከፋብሪካ እንደወጣች ቤትም ሳትገባ እዚያው ሄዳ አመሸች። ምን አልሻት ብላት "ምንም። አብሬያት ተቀመጥሁ" አለች። እኔ ብሆን የቦኖውን ነገር ጣል ሳላደርግ አልመለስም ነበር። እሷ ረስታዋለች። እውነት ረስታዋለች፣ ዓይኗን አይቼ አረጋግጫለሁ።

የካቲት 16

ዛሬ ዓመታዊዋ ናት። ጠላውን የጠመቅሁት እኔ ነኝ።

ስሞት ለተዝካሬ እንዲሆን ብዬ ሰባታሚት እኅቴ ዘንድ ያኖርሁት ገብስ ነበረኝ፤ ማንም አያውቀውም ብዬ ነበር። አስመጣሁት። ወለተ ኪዳን ስታየው "እማ፣ ለነፍስዎ ያሉት አይደል?" አለች። "ሞቼ ከሚጠጡልኝ ቆሜ ልጠጣው" አልኋት። ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከመርስዔ ወሬ የለም። ይኸው ነው፣ የለም። ጠዋት ስጸልይ ልጄን ስጪኝ አልኋት፣ እናት ነኛ። ግን ጃንጥላም ጧፍም አልጠራሁም። ባትሰጪኝም ማታ ጠላሽ ይቀዳል አልኋት። ከምራቴ የተማርሁትን።

ቄጠማውን አንጥፌያለሁ። ማን ይረግጠዋል? እንጃ። አባ ግን ታንኳቸው ከዘጌ ሲነሣ ታይቷል፣ ጋሼ ሣህሉም ተሽሏቸዋል። ተረካቢ ከጠፋም እኔ...

በር ላይ ሰው ይጣራል። "እትዬ አገርነሽ፣ እትዬ" ይላል። ድምፁ የሰለለ ነው።

በቀዳዳው አየሁ። እናትዓለም ናት። ታጥፎ የተተኮሰ ነጭ ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛለች።

ልክፈትላት።