ቫይረሱ የእኔ ፎልደር ውስጥ ተገኘ

ከሚሴ፣ ሐሙስ ጥር 14

ዛሬ የቢሯችን ሰርቨር ላይ አንቲቫይረስ ጫንኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» ስል ኖሬ፣ የሠራተኛው ኮምፒውተር ሁሉ መታመም ሲጀምር ነው የነቃሁት። ለካ ሰርቨሩ ራሱ ባይታመምም የሌላውን በሽታ ተሸክሞ ያድላል።

ጥፋቱን በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በእትዬ ዘሃራ ፍላሽ ላይ ነበር ያሳበብኩት። ባቲም ጨፋ ሮቢትም ባሉት ቢሮዎች ያልተሰካበት ኮምፒውተር የለማ! ያለፈው ሰኞ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት ተናገርኳቸው።

ዛሬ ፍተሻውን ልጀምር ስል አጠገቤ ቆመው «ቢስሚላህ በል እንጂ!» አሉኝ። ብዬ ጀመርኩ። ሻዬን ሳልጨርስ ሦስት ቫይረስ ተገኘ፤ ሦስቱም የራሴው ፎልደር ውስጥ! አምና ከኢንተርኔት አውርጄ ለሠራተኛው ሁሉ ያደልኩት ነጻ ፕሮግራም ነው ጉዱ። የእሳቸውን ፍላሽም ፈተሽኩ። ንጹሕ ነው።

«እትዬ ዘሃራ፣ አውፍ በሉኝ፤ በድዬዎታለሁ» አልኩ።

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «አብሽር! እኔስ አውፍ ብያለሁ። የተናገርከኝ ግን በስብሰባ ነው፤ አውፍ በሉኝ የምትለውም በስብሰባ ነው።»

ሰርቨሩ ዛሬ ጸድቷል። እኔ ሰኞ እጸዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።