ሕዝቡን ጠይቁ ያለው ድምፅ

ግራኒት ፎርክ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
ማርች 3 ቀን 1901

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለታምዚን፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እህትሽስ በሰላም ተገላገለች? ይህን ማን ጻፈው ብለሽ ፖስታውን አታገላብጪ፤ እኔው ባልሽ ያቤጽ ነኝ። በማታ ትምህርት ቤቱ እንደኔ ፈጥኖ ፊደል የለየ የለም። አስተማሪዋ ሚስ ኦልኮት ራሷ፣ "ያቤጽ፣ የምታወራውን ግማሽ ብትጽፍ መጽሐፍ ይወጣሃል" ብላኛለች።

ከዋናው ነገር በፊት ትንሽ ላስቅሽ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ታምዚንዬ፣ አባትሽ ትናንት አርፈዋል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ወደ ዋሽንግተን የሚሄደውን ሴናተር የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን እዚህ ያለው ምክር ቤት መሆኑን ታውቂያለሽ። ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የአባላቱ ስም ይጠራል፣ እያንዳንዱም የሚመርጠውን ይናገራል፣ ግን ማንም አያሸንፍም። የማዕድኑ ባለቤት ሚስተር ክራንዶል የሚጎድላቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። አባትሽ ደግሞ ስማቸው ሲጠራ የማንንም ስም አያነሡም። "ሕዝቡን ጠይቁ" ይላሉ። በቃ።

አንድ ቀን የክራንዶል ወገን የሆነ አንድ አባል፣ "ሆሴዕ፣ ሕዝቡ እኮ ሴናተርን ከበቅሎ አይለይም" ቢላቸው፣ "ልክ ነህ ልጄ፤ አንተን የመረጠህ ማን ሆነና" አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ያን ቀን ይህንኑ በድምፃቸው እየደገምሁ አብረውኝ በር የሚጠብቁትን ሳስቅ ዋልሁ። የአባትሽን ድምፅ እንደኔ የሚያወጣ በዚህ አገር የለም፤ አንቺ ራስሽ ስንቴ "አቤት አባባ" እያልሽ ከወጥ ቤት ወጥተሻል።

ሳንባቸውን ከታመሙ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም። የሚቆጠረው የተገኘው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ እሳቸው ከቀሩ ግን ክራንዶል አብላጫውን አግኝተው ያሸንፋሉ። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ ሕልቃና በየቀኑ በቃሬዛ እናስገባቸው ነበር። "ቀስ በል ያቤጽ፣ ድንች አይደለሁም" ይሉኛል። ትናንት የመጨረሻው ቀን ነበር፤ ካልመረጡ ምክር ቤቱ ይበተናል፣ የሴናተሩም ወንበር ባዶ ይቀራል።

ትናንት ስለ ድንች ምንም አላሉኝም። የተኙ መስሎን ነበር። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ እጃቸውን ላሞቅ ብዬ በብርድ ልብሱ ሥር እጄን ሰደድሁ። እንደ ደጁ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እንደ ወትሮው ጣቴን አልጨበጡኝም። ደረታቸውም አልተነሣም። ውስጥ ስም መጥራት ተጀምሯል። ጩኸት ሊያመልጠኝ ሲል ምሳዬን፣ ያንን ሥጋና ድንች የሚሞላውን ዳቦ፣ ከኪሴ አውጥቼ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። እንደዚያው ሆነን ገባን።

"ሆሴዕ ትሬምባት" አለ ጸሐፊው።

ደግሞ ጠራ።

"እለፈው እንጂ፣ ሽማግሌው እንቅልፍ ላይ ነው" አለ አንዱ ከኋላ።

አልዋሽሽም፣ ድምፃቸውን ላወጣላቸው ዳድቶኝ ነበር። ዳቦው ግን አላስውጥ አላስተፋ አለኝ።

"ሕዝቡን ጠይቁ።"

ከቃሬዛው ነው የመጣው። ብርድ ልብሱ አልተንቀሳቀሰም። ሕልቃና ወደ እኔ ዞረ፤ ጉንጬ እንደ ከረጢት ተወጥሮ አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ጸሐፊው ድምፁን መዘገበ። ክራንዶል ሳይመረጡ ቀሩ።

ሐኪሙ የሞቱት ከመግባታቸው በፊት ይሁን በኋላ አልለየሁም አለ። ስለዚህ ነገ አጣሪ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ዛሬ ጠዋት የክራንዶል ጠበቃ እቤቴ ድረስ መጥቶ እንደ ወንድም አቀፈኝ።

"ያቤጽ፣ ቀልደኛ መሆንህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። 'እኔ ነኝ ያወጣሁት' በላቸው፤ ተስቆ ያልፋል፣ በረኛነትህም አይነካም።"

እንዲህ ካልሁ የአባትሽ ድምፅ ይሰረዛል፤ ክራንዶል ሴናተር ይሆናሉ።

"ካላልሁስ?" አልሁት።

"ማን ያምንሃል? ዕድሜህን ሙሉ ያልሠራኸውን ሠራሁ ስትል ኖረህ፣ ዛሬ ምን ነካህ?"

እውነቱን ነው። ገደልሁት የምለውን ድብ እንኳ ሞቶ እንዳገኘሁት አንቺ ታውቂያለሽ። ይህችን ፉከራ ግን አልወስዳትም፤ የእሳቸው ናት። ነገ "እኔ አይደለሁም፣ አፌ ሙሉ ነበር" እላለሁ፤ ሕልቃናም ይመሰክራል። ሥራዬን መንጠቃቸው አይቀርም። ስለ እጃቸው ግን የነገርሁት ላንቺ ብቻ ነው።

መሬቱ በውርጭ ጠጥሮ ስለማይቆፈር ቀብሩ እስክትመጪ ይቆያል። ቶሎ ነይ። ቤቱ ሰፍቶብኛል።

ጀማሪ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ማንበቡ አይቀርም፤ እኔም እያነበብሁ ነው የምጽፈው። ከእኔ በቀር ቤት ውስጥ ማንም የለም። እነዚያ ሁለት ቃላት ላይ ስደርስ ግን፣ ብዕሬ ፊደሉን ሳይጨርስ፣ አፌን ሳልከፍት፣ ቀድሞ ይሰማኛል። ድምፃቸውን እኔው ላወጣው ሞከርሁ። ጠፍቶኛል ታምዚንዬ። የሚወጣው የራሴ ብቻ ነው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የእህትሽንም ሕፃን በጤና ያሳድግልን። እቤት ስትገቢ በአባትሽ ድምፅ የሚጠራሽ ቢኖር፣ እኔ አይደለሁም። ቢሆንም አቤት በያቸው።

ባልሽ
ያቤጽ ኬስት፣ በገዛ እጁ