አጸደ እንደገና የዘፈነችበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 1958 ዓ.ም.

አጸደ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፎቶግራፍ መነጽሬን ጠርጌ ሁለት ጊዜ አየሁት። ጸጉርዋን ወደ ላይ ቆልላዋለች፤ አንገትዋ ቀጥኗል። አገጭዋ ግን የአባባ አገጭ ነው፤ እርሱን ኩልም ዱቄትም አይለውጠውም። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ከአሥራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ። እሑድ ጥር 22 ቀን፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በአዳራሹ።»

አባባ ከሞቱም አሥራ አንድ ዓመት ነው።

በዚህ ከተማ እህቴ መሆንዋን የሚያውቅ የለም። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ስመጣ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ሳልገዛ ተመለስሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

ውርጭ። በር ላይ ያደረው ውኃ በረዶ ሠርቷል። ጉልበቴ አላስነሣኝም።

የሠራሁት፦ ምስር ለቀምሁ። የሸዋዬን ልጅ ደብዳቤ አነበብሁላት፤ መልሱን ጻፍሁላት። ዳዊት ደገምሁ፤ መሐል ላይ ጠፋኝና ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

ሸዋዬ ጎረቤቴ ናት፤ ሱፍ ትፈትላለች፤ አፍዋ ከእንዝርትዋ ይፈጥናል። «እትዬ ጌጤ፣ እሑድ አዳራሽ ትሄጃለሽ፤ እምቢ ብትዪ ተሸክሜሽ እሄዳለሁ» አለችኝ። ዘፈን ቤት የምን ሥራ አለኝ አልኋት። «ዘፈን ቤት አይደለም፣ ማዘጋጃ ቤት ነው። አጸደ እኮ ናት! ባሌን ያገባሁት በእርስዋ ዘፈን ነው።» ባልሽን በሞተ በሁለት ዓመቱ ታመሰግኚዋለሽ፣ በሕይወቱ ስትረግሚው ኖረሽ፣ አልኋት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

አጸደ የመጨረሻዋ ናት፤ እኔ የመጀመሪያዋ። በመካከላችን የተወለዱት አራቱም በልጅነታቸው አልቀዋል። ጡት ስትተው አዝያት የዞርሁ እኔ ነኝ። በአሥራ ስምንት ዓመትዋ ጭነት መኪና ላይ ወጥታ አዲስ አበባ ሄደች። በሁለተኛው ዓመት ድምፅዋ በራዲዮን መጣ። አባባ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ሰው እየመጣ «ልጅዎን ሰማናት» ሲላቸው ያጎነብሱ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 18

ሣጥኑን ከፈትሁ። የማልፈልገውን ፈልጌ አገኘሁ።

ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ የአባባን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው። ዳዊት ስደግም አንድ ቃል ከጨመርሁ አለንጋ፣ ከቀነስሁም አለንጋ። «የጨመረ ሌባ ነው፤ የቀነሰም ሌባ ነው» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ማናቸውንም ደብዳቤ አስቀድሜ በረቂቅ እጽፋለሁ። ለአጸደ የተጻፈውም ረቂቅ አለ።

የአባባ ቃል ሁለት መስመር ነው፦ «ልጄ አጸደ፣ በሕይወት እስካለሁ ዘፈንሽን አታሰሚኝ። ጤናሽን ግን ላኪልኝ።»

ከዚያ በታች በእኔ ፈቃድ የተጻፈው አንድ መስመር፦ «ከሞትሁም በኋላ መቃብሬ ላይ እንዳትቆሚ በሥላሴ ስም ገዝቼሻለሁ።» «ጤናሽን ላኪልኝ» የሚለውን ሠርዤዋለሁ።

ሲነበብላቸው የእርሳቸውን ብቻ አነበብሁላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሬ አስፈረምኋቸው።

ለምን? ያን ጊዜ ቁጣ መሰለኝ። እውነቱን ዛሬ ልጻፈው። ድምፅ የነበረኝ እኔ ነኝ። የአባባን ዜማ ከደቀ መዛሙርቱ ይልቅ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ሴት ቅኔ ማህሌት አትቆምምና ከምድጃው አጠገብ በሹክሹክታ ዘልቄ ተማርሁት። እርስዋ የማታውቀውን ይዛ ወጣች፤ አገር ሰማት።

ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ጥር 20

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ «ልጄ» ይሉኛል። ለአሥራ አንድ ዓመት ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ኖርሁ፤ ይህንን ዛሬ አወጣሁት።

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ፦ «ግዝቱ የአባትሽ አይደለም። የራስሽ ነው። ያሰረ ይፈታል፤ እኔ ልፈታልሽ አልችልም።»

ደብዳቤ ልጻፍላት አልሁ።

«አሁንም ደብዳቤ?» አሉ። «በአፍሽ ንገሪያት። ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባል። ዮናስ ሸሽቶ የት እንደ ደረሰ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አላስተምርሽም። ሳትነግሪያት ለቁርባን አትምጪ።»

ለማልቀስ ሞከርሁ። አልመጣልኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ከቅዳሴ በኋላ ሸዋዬ ትኬቱን አሳየችኝ፤ ሁለት ነው። እሄዳለሁ አልኋት። ግንባሬን ዳሰሰችኝ፤ «ትኩሳት የለሽም?» አለች።

እሑድ፣ ጥር 22

ሳይመሽ ልጻፈው።

አዳራሹ ከውጭ ይልቅ ይበርዳል። ፊት ሹማምንት፣ መሐል እኛ፣ ኋላ ጎረምሶች። አምስት ሙዚቀኞች፤ አኮርዲዮን፣ ሳክስፎን፣ ከበሮ፣ የቀሩትን አላውቃቸውም። አጸደ በነጭ ቀሚስ ወጣች። ደረጃዋን ስትወጣ የሰው ክንድ ያዘች። ስትሄድ ሮጣ ነበር የሄደችው።

የመጀመሪያው ዘፈን የድሮው ነው፤ ሸዋዬ ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፅዋ ተበጠሰ። ሳክስፎኑ ሸፈነላት። በሁለተኛውም እንዲሁ። ከኋላ አንዱ «እማማ፣ ትንሽ አብሽ ይጠጡበት!» አለ። ሌላው «አሥራ አንዱን ዓመት አሥራ ሁለት ባደረጉት!» ሳቁ። ፊት ያሉትም ሳቁ። ሸዋዬ ዞር ብላ «እናታችሁ አትዘፍን አታስዘፍን፣ እናንተ ደግሞ!» ብላ ጮኸችባቸው።

አጸደ እጅዋን አነሣች፤ ሙዚቀኞቹ ቆሙ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እንደገና ለበሰች። በርዷት መሰለኝ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው፤ እንደ ሐዘንተኛ። ከዚያ በታችኛው ድምፅዋ፣ ባልተበላሸው፣ ያለ ሙዚቃ፦

ሞቱን ሰው ነገረኝ እንደ ሩቁ ዘመድ፣
ቀብሩ ላይ ያልቆምኩት ሆኜ ነው ወይ ባዕድ።

ሙሾ ነው። በሠርግ ወር፣ በዘፈን አዳራሽ፣ ሙሾ አወረደች። ከፊት አንድ ሰው ተነሣ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልጁን የሚድር ነው አሉ። «ሟርት ነው! ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የጠራችሁን?» ብሎ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ብዙ ሰው ተከተለው። ወንበር ይንጓጓል፤ እርስዋ አታቆምም። የአባባን ስም ጠራች። ዓይነ ስውርነታቸውን፣ መቋሚያቸውን፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው መሸፈናቸውን ጠራች። እኔ የረሳሁትን።

እጄን ሳየው ነጠላዬን አዘቅዝቆታል። ሸዋዬ አየችኝ። የራስዋንም አዘቀዘቀች፤ ምንም አልጠየቀችኝም። የቀረነው አሮጊቶች ተነሥተን ቆምን።

ከመድረኩ በስተኋላ መዝገብ የሚቀመጥበት ክፍል አስገቧት፤ ተከትዬ ገባሁ። ብቻዋን ሙቅ ውኃ ይዛ ተቀምጣለች። አወቀችኝ። «ጌጤነሽ» አለች። በልጅነትዋ እታለም ነበር የምትለኝ።

ቆሜ ነገርኋት። የጨመርሁትን መስመር ቃል በቃል አልሁላት። ከዚያ «የራሴ ግዝት ነውና ፈትቼሻለሁ» አልሁ።

«በአሥራ አንድ ዓመቱ ፈታሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «ደብዳቤው እንደ ደረሰኝ ቃሉን አባባ እንዳላሉት አውቄያለሁ። አባባ ሰው ገዝተው ያውቃሉ? የበጎቹን ሌባ እንኳ ይገዝቱት ሲባሉ እምቢ አሉ።»

ካወቅሽ ለምን ቀረሽ አልኋት።

«እዚያ በር ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሻ። እንዳልገባ ይህን ያህል ከፈለግሽ ይሁንልሽ አልሁ። የእርሳቸውን ልቅሶ በእኛ ጠብ ማርከስ አልፈለግሁም። መዝፈኑንም የተውሁት ሐዘኔን ያላወጣሁ ሰው በምን አፌ ብዬ ነው።»

አሁንስ አልሁ።

አንገትዋን ነካች። ጉሮሮዋ ውስጥ እባጭ አለ። በሚመጣው ሳምንት አዲስ አበባ ሐኪሞች ይቆርጡታል፤ ድምፅዋ አብሮ ይሄዳል ብለዋታል። «ሳይወሰድብኝ እዚሁ አገር ላይ ላልቅሳቸው ብዬ ነው የመጣሁት። ሳቁብኝ። ይሳቁ። ነገ አንኮበር እሄዳለሁ። መቃብሩ የት እንደ ሆነ ግን አላውቅም።»

አብሬሽ ሄጄ ላሳይሽ አልሁ።

«የለም። ጻፊልኝ።»

ሰኞ፣ ጥር 23፤ ነነዌ

ሌሊቱን ሳልተኛ ነጋ። ጎሕ ሲቀድ ያለ ረቂቅ ጻፍሁት፦

«ከደብሩ በምሥራቅ በር ገብተሽ በስተቀኝ ወይራ ቁጠሪ። ከሦስተኛው ወይራ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ስም አልተጻፈበትም። እርሱ ነው።»

በዚህ ልዘጋው ነበር። የጨመርሁትን ትናንት ነግሬያታለሁ፤ የቀነስሁት ግን ቀርቷል። ከሥሩ እንዲህ ጻፍሁ፦

«አባባ ‹ጤናሽን ግን ላኪልኝ› ብለው አጽፈውኝ ነበር፤ እኔ ሠረዝሁት። ባረፉበት ቀንም ሦስት ጊዜ፣ አጸደ መጣች ወይ፣ ብለው ጠይቀዋል።»

በአንድ ሰዓት መናኸሪያ ደረስሁ። መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች። በመስኮቱ ሰጠኋት። የላይኛውን ቶሎ አነበበች። የታችኛው ላይ ቆየች።

«ሦስት ጊዜ?»

ሦስት ጊዜ።

«ምን አልሻቸው?»

አልመጣችም አልኋቸው።

መስኮቱን ዘጋችው። መኪናው ሄደ።

ማክሰኞ፣ ጥር 24

ጾም። ከአንኮበር የመጣ መኪና የለም። የሸዋዬን ሱፍ አባዘትሁላት። «አገጫችሁ አንድ ነው» አለችኝ ቀና ሳትል። «እሑድ ነው ያየሁት።» የያዝሁትን ባዘቶ አስቀመጥሁ። ከዚያ አዎን አልሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 25

የነነዌ መጨረሻ። መናኸሪያ ዋልሁ፤ ከአንኮበር ሁለት መኪና መጣ። በመጀመሪያው ነጋዴዎች፣ ከአልዩ አምባ የወጡ። በሁለተኛው አንድ ነጭ ነጠላ አየሁና ተነሣሁ፤ ሌላ ሴት ናት።

ትኬት ቆራጩን ሌላ መኪና መቼ ይመጣል አልሁት። «ሲሞላ ነዋ፣ እማማ» አለኝ። እስኪመሽ ቆየሁ። ጋቢዬን ደርቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስቆይ ማን እንደምጠብቅ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቁኝ፣ እህቴን፣ እል ነበር።